የራጉኤል ፊት እና የሽምብራው ፖከር

ራጉኤልን ፎቶ ማንሳት የሚያህል አድካሚ ሥራ በሙያዬ ገጥሞኝ አያውቅም። መካኒሳ አቦ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ የሚያለቅስ ሕፃን አንስቻለሁ፣ ተኳርፎ የመጣ ሙሽራና ሙሽሪት አንስቻለሁ፣ ብልጭታውን ፈርተው ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌም አንስቻለሁ። ራጉኤል ግን ሌላ ነው። ለጉርድ ፎቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ «ዝም ብለህ እየኝ» እለዋለሁ፤ ዝም ብሎ ያየኛል። ካሜራውን ስጫነው በሆዱ ያለው ሁሉ ፊቱ ላይ ይወጣል። አንዱ ፎቶ ላይ ዘመድ የሞተበት ይመስላል፤ ቀጥሎ ያለው ላይ ዕቁብ የደረሰው።

«ምን እያሰብክ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ምንም።»

«ይሄ ምንም ነው?» ብዬ የካሜራውን ስክሪን አዞርኩለት።

አየና ራሱም ደነገጠ። «ፅጌ ሽንኩርት ግዛ ብላኝ ነበር፤ ረሳሁት» አለ።

ሰውየው የሚሠራው ጎፋ፣ የቧንቧና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። የሱቁ ባለቤት አቶ አህመድ የቀጠረው ለታማኝነቱ ነበር፤ ታማኝነቱ ፊቱ ድረስ እንደሚዘልቅ ግን አልገመተም። ደንበኛ ይመጣና አንዱን ቧንቧ አንስቶ «ይሄ ይቆያል?» ይላል። ራጉኤል እንደታዘዘው «ይቆያል እንጂ!» ይላል። ፊቱ ላይ ግን በዚያው ቅጽበት የፈነዳ ቧንቧ፣ ውሃ የሞላው ሳሎን እና ራሷን ይዛ የምትጮህ የቤት እመቤት ይታያሉ። ደንበኛው ቧንቧውን ቀስ ብሎ መልሶ ያስቀምጣል።

አቶ አህመድ ተናዶ ወደ መጋዘን አወረደው። ከዚያ በኋላ ግን ሱቁ የሚገባው ሰው ሁሉ ከዕቃው በፊት ራጉኤልን መጠየቅ ጀመረ። «ያ ፊቱ የሚናገረው ሰውዬ የታለ? ጥሩትና ቧንቧውን ሲያይ ልየው።» አቶ አህመድ ቢጨንቀው መልሶ ወደ ላይ አወጣው፤ ራጉኤል ፊቱን የሚያጠቁርበትን ዕቃ ማስመጣትም ተወ። እስከ ዛሬ አብረው ናቸው።

ቤቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሚስቱ ወይዘሮ ፅጌረዳ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ከስድስት ዓመት በታች ያለ የመካኒሳ ውሸታም ሁሉ በእጇ አልፏል። ባሏ ማታ ሲገባ በሩ ላይ አንዴ ታየውና «አቶ አህመድ ተቆጣህ፤ ደግሞ ታክሲ ላይ ቆመህ ነው የመጣኸው። ታጠብና ቅረብ» ትለዋለች። ራጉኤል ወሬ ይዞ ገብቶ አፉን ሳይከፍት ወሬው ያልቅበታል። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ይህ ሁሉ ለእሱ ምንም አልነበረም፤ ፊቱን የጠላው በሽምግልናው የተነሳ ነው።

ሮበሌ የሚባል የሁለታችንም ጎረቤት አለ፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። ድምፁ አሁንም ኋላ ወንበር ላይ ላለ ተሳፋሪ የሚናገር ነው የሚመስለው። ለትልቁ ልጁ ላፍቶ ያለች ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሎች ሲላኩ ራጉኤልም አብሮ ተላከ። ሁሉም ነገር ደህና ሄዶ ሳለ የልጅቷ አባት «ለመሆኑ ልጁ መጠጥ ይቀምሳል?» ብለው ጠየቁ። የቀሩት ሽማግሎች መሬት መሬት ሲያዩ ራጉኤል ቀደም አለና «ኧረ በፍጹም!» አለ።

የልጅቷ አባት ፊቱን አዩት። «በሳምንት ስንቴ ነው?» አሉ።

ቀጠሮው ተራዘመ። በመጨረሻ ሰውየው ልጃቸውን ሰጡ፤ የሰጡበትም ምክንያት ያው ፊት ነበር። «ስለ መጠጡ ሲናገር ፊቱ ተበላሸ፤ ‹ልጁ ጨዋ ነው› ሲል ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ ጨዋ ነው» ብለው። ሠርጉ ተደገሰ፤ ሮበሌም ማይክ ይዞ ታሪኩን ለእድምተኛው ሁሉ አወራው። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ራጉኤልም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ፊቱ ግን እንደተለመደው እምቢ አለው።

በማግስቱ ሱቄ መጣ። «ኢያቄም፣ አንተ የሰው ፊት ታስተካክላለህ አይደል?»

«ፎቶ ላይ ከሆነ አዎ። ማዲያት አጠፋለሁ፣ ፀጉር እጨምራለሁ። ፎቶ ላይ ግን ነው።»

«ሰው እኮ አፍ እንደሌለኝ ነው የሚቆጥረኝ። የምናገረውን የሚሰማ የለም፤ ሁሉም ፊቴን ነው የሚያየው።» ከዚያ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ሽምግልናው፣ ስለ ሠርጉ አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ።

ይህን ሲናገር ሲና ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ነበር። ሲና የእህቴ ልጅ ናት፤ ካምፓላ አንድ ሆቴል ውስጥ ስትሠራ ቆይታ ተመልሳ፣ ሥራ እስክታገኝ ሱቅ ታግዘኛለች። ራጉኤል ድንገት ዞር ብሎ አያት። ፊቷ አዲስ እንደተነጠፈ አስፋልት ነው፤ አንድ መስመር የለበትም።

«ልጄ፣ አሁን የሰማሽው ያስቃል ወይስ ያሳዝናል?»

«በጣም ያስቃል ጋሽ ራጉኤል። ከውስጥ ልሞት ነው» አለች፤ ቅንድቧ እንኳ ሳይነቃነቅ።

ራጉኤል ከወንበሩ ተነሳ። «ይሄን ፊት ከየት አመጣሽው?»

ሲና መጀመሪያ እኔን አየችኝ። «አጎቴ፣ ለእማዬ አትነግራትም?» አለች። ከዚያ ተናዘዘች። ሆቴሉ ካዚኖ ነበረው፤ እሷም እዚያ ካርታ አዳይ ነበረች። ቤተሰቡ ሁሉ እንግዳ ተቀባይ ናት ብሎ ነበር የሚያምነው።

«እንግዳ እኮ እቀበል ነበር» አለችኝ ስቆጣት። «ከተቀበልኳቸው በኋላ ካርታ እሰጣቸዋለሁ። ፖከር ላይ አዳይዋ ፊቷ ከተንቀሳቀሰ ከሥራ ትባረራለች። ተጫዋቹም ፊቱ ከተንቀሳቀሰ ባዶውን ይሄዳል።»

ይህን ለእህቴ አልነገርኳትም፤ ይህን ጽሑፍ ካላነበበች አሁንም አታውቅም።

ራጉኤል የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊት የማይንቀሳቀስበት ጨዋታ አለ። «አስተምሪኝ» አላት። «መድኃኒቴን አገኘሁ።»

እሑድ ከሰዓት ፎቶ ቤቱ ዝግ ነው። የፎቶ ማንሻው ክፍል ውስጥ፣ ሙሽሮች የሚነሱበት ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘረጋን። አራተኛ ሰው ስላስፈለገ ሮበሌን ጠራነው። ሮበሌ ሳይቀመጥ «ቁማር ከሆነ እኔ የለሁበትም፤ ጉባኤ የማገለግል ሰው ነኝ» አለ። ሲና የተቆላ ሽምብራ በሳህን አመጣችና ለእያንዳንዳችን አንዳንድ እፍኝ አካፈለች። ማስያዣችን እሱ ነው፤ ጨዋታው ሲጀመር ግን እሷ ማደል እንጂ መጫወት የለባትም። ሮበሌ ሽምብራውን አይቶ «ይሄማ ቁርስ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የትኛው ካርታ የትኛውን እንደሚበልጥ አስተማረችን። ፖከር በየትኛውም ዓይነቱ በአምስት ካርታ ይዳኛል። ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር ጥንድ ይባላል። ሁለት ጥንድ ከአንድ ጥንድ ይበልጣል፤ ሦስት ተመሳሳይ ደግሞ ከሁለት ጥንድ። አምስቱ ቁጥሮች ተከታትለው ከመጡ፣ ማለትም አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ብለው ከተሰለፉ፣ ከዚያ ይበልጣል። አምስቱም አንድ ምልክት ከሆኑ፣ ለምሳሌ ሁሉም ልብ ከሆኑ፣ ደግሞ ሌላ ደረጃ ነው። ሦስት ተመሳሳይ ከአንድ ጥንድ ጋር ሲመጣ ሙሉ ቤት ይባላል።

«ገባኝ» አለ ራጉኤል። «ሦስት ልጆች ከነእናትና አባታቸው።»

«ልክ ነው» አለች ሲና። «ከሙሉ ቤት በላይ አራት ተመሳሳይ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ምልክት ሆኖ የተሰለፈ። እሱን ግን እናንተ ዕድሜያችሁን ሙሉ ላታዩት ትችላላችሁ፤ አትጨነቁ።»

የመጀመሪያው ጨዋታ ቀላሉ ነበር። ለእያንዳንዱ አምስት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል፤ ሌላ ሰው አያይም። የማትፈልገውን ትጥልና አንዴ ብቻ ምትኩን ትቀበላለህ። በመሃል ሽምብራ እያስያዝክ ትሄዳለህ፤ ሌላው ያስያዘውን ያህል ማስያዝ ያልፈለገ ካርታውን ጥሎ ይወጣል።

«ዋናው ነገር ይሄ ነው» አለች ሲና። «ባዶ ካርታ ይዞም ብዙ አስይዞ ሌላውን አስፈራርቶ ማስወጣት ይቻላል። ብለፍ ይባላል። በእኛ ፎገራ በሉት።»

ራጉኤል የመጀመሪያ ካርታዎቹን አነሳ። ፊቱ መስኮቱ እንደተከፈተለት ክፍል ወገግ አለ።

«ወጣሁ» አለ ሮበሌ።

«እኔም ወጣሁ» አልኩ።

ራጉኤል ሦስት ክዊን ይዞ ነበር። ያገኘው ሽምብራ ግን እንደ መግቢያ ካስቀመጥነው ከአንዳንድ ፍሬ አላለፈም። በሚቀጥለው ዙር ሊፎግረን ፈለገ። ደረቱን ነፍቶ፣ በሁለት እጁ ሽምብራ ወደ መሃል ገፋና «ጨመርኩ!» አለ። ላብ ከግንባሩ ላይ ሲወርድ፣ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ ይቅርታ ሲጠይቀን እያየን ሁላችንም ተከተልነው። ምንም አልነበረውም። የሮበሌ ጥንድ ሦስት እንኳ በለጠችው።

በሚቀጥለው እሑድ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። አፉ አጋለጠው። በሌላው እሑድ በኮሮና ጊዜ የተረፈውን ማስክ ጨመረበት። ጥሩ ካርታ ሲመጣለት ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ሲና እያዘነች «ጋሽ ራጉኤል፣ ጆሮዎም ይናገራል» አለችው። ከዚያ በኋላ የሹራብ ኮፍያ እስከ አንገቱ አወረደ። መነጽር፣ ማስክ፣ ኮፍያ አድርጎ ከፏፏቴው ሥር ሲቀመጥ ባንክ ሊዘርፍ መጥቶ መንገድ የጠፋበት ሰው መሰለ። ፊቱን በሙሉ ሲሸፍን ግን እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ይጨፍር ጀመር።

እሱ እንዲህ ሲሰቃይ ሮበሌ ሽምብራውን ጨዋታው ሳያልቅ እየበላ ከጨዋታ ይወጣ ነበር። ሲና «ጋሽ ሮበሌ፣ ማስያዣዎን በሉት እኮ» ስትለው «የኔ ሽምብራ አይደል? ሌላው ከሚበላብኝ እኔ ልብላው» ይላል።

ሁለተኛው ዓይነት ስተድ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰባት ካርታ ይታደላል፤ ሦስቱ ይደፋሉ፣ አራቱ ፊት ለፊት ተገልጠው ይቀመጣሉ። መለወጥ የለም። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱን ትቆጥራለህ። ራጉኤል ይህን ጨዋታ ወደደው። «እዚህስ የሁላችሁም ካርታ እንደኔ ተገልጧል» አለ። ያም ሆኖ ሮበሌ የተገለጡትን ካርታዎች ማየት ትቶ ከራጉኤል ፊት ላይ የተደፉትን ያነብ ነበር።

ፅጌረዳ የመጣችው በዚሁ ሰሞን ነው። ራጉኤል ሁልጊዜ እሑድ ከሰዓት «ፎቶ ልነሳ ነው» እያለ ነበር ከቤት የሚወጣው። ከዚያ ፊት ጋር! ሚስቱ ከመጀመሪያው ቀን ውሸት መሆኑን አውቃለች፤ ምን እንደሆነ ነው ያላወቀችው። በሩ ሲንኳኳ እኔ ከፈትኩ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች። አልፋኝ ገባችና ክፍሉን ቃኘችው፤ ፏፏቴውን፣ ካርታውን፣ አፉን በሽምብራ የሞላውን ሮበሌን፣ ከኮፍያ፣ ከመነጽርና ከማስክ የተሠራውን ባሏን።

«ራጉ፣ አንተ ነህ?» አለች።

ኮፍያው ተነቀነቀ።

«ቁማር ነው?»

«በሽምብራ ነው እትዬ ፅጌረዳ» አለች ሲና ቶሎ ብላ። «ጋሽ ራጉኤል ፊታቸውን መደበቅ እየተማሩ ነው።»

ፅጌረዳ እንደምትጮህ ነበር የጠበቅነው። እሷ ግን ወንበር ስባ ባሏ ጎን ተቀመጠችና «ከማን ነው የሚደብቀው?» አለች። «ለኔም ስጪኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ አለቀልን። የሴትየዋ ፊት በተፈጥሮው የሲናን ያህል ፀጥ ያለ ነው። ካርታዋን አንዴ ታየውና ታስቀምጠዋለች፤ ከዚያ በኋላ የምታየው እኛን ነው፤ ብስኩት ጠፍቶባት ማን እንደበላ እንደምትፈልግ አስተማሪ። እኔ ካርታ ይዤ ስትመለከተኝ ያላደረግኩትን ሁሉ ልናዘዝ ይቃጣኛል።

ሲና ወደ ሆልደም አሻገረችን። ዓለም ሁሉ የሚጫወተው ይህን ነው አለችን። ሁለት ካርታ ብቻ ተደፍቶ ይሰጥሃል። ከዚያ መሃል ላይ የሁሉም የሆነ አምስት ካርታ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት በአንዴ፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ። በየመሃሉ ሽምብራ ይያዛል። የራስህን ሁለትና የመሃሉን አምስት አደባልቀህ ምርጡን አምስት ትሠራለህ።

«ኮንዶሚኒየም ነው በያ!» አለ ሮበሌ። «ቤቱ የራስህ፣ ግቢው የጋራ።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ክረምቱን በሙሉ ሆልደም ተጫወትን። መብራት ሲጠፋ በር ከፍተን በደጁ ብርሃን ተጫወትን፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁ የሚሰማው ሮበሌ ብቻ ስለነበር የሁላችንንም ማስያዣ እሱ ይጮህልን ነበር። ራጉኤል መነጽሩንም ኮፍያውንም ተወ። ጥንድ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፣ ሳያገኝ ያዝናል፤ እኛም ፊቱን አይተን እንገባለን ወይም እንወጣለን። ፅጌረዳ ደግሞ ፊቱን ማየት እንኳ አያስፈልጋትም፤ ሲተነፍስ ሰምታ «ጥንድ ሰባት» ትላለች። ብዙውን ጊዜ ልክ ነበረች።

ኦማሃ የሚባለውን የተማርን ቀን ግን ጠብ ተነሳ። ኦማሃ እንደ ሆልደም ነው፤ ልዩነቱ ለእያንዳንዱ ሁለት ሳይሆን አራት ካርታ መታደሉ ነው። ሕጉም አንድ ነው፤ ከእጅህ ሁለት ብቻ፣ ከመሃል ሦስት ብቻ። ሲና ይህን ደጋግማ ነገረችን። ሮበሌ ሽምብራ እያኘከ «ገባን፣ ገባን» አለ።

በዚያው ዙር ሮበሌ ያለውን ሁሉ ወደ መሃል ገፋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይበላው። ካርታው ሲገለጥ በእጁ አራት ልብ ነበረው፤ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ልብ። «አምስት ልብ!» ብሎ ጮኸና ክምሩን ሊያቅፍ ተዘረጋ።

ሲና እጁን ያዘችው። «ጋሽ ሮበሌ፣ ከእጅዎ ሁለት ብቻ ነው የሚቆጠረው። ሁለት ልብ ከእጅ፣ አንድ ከመሃል፤ ሦስት ልብ ነው ያለዎት።»

«አራት ልብ ይዤ?»

«ይዘው።»

«አራት ልብ የያዘ ሰው ልብ የለህም ይባላል?»

«ከመሃል ሦስት ልብ ቢወጣ ኖሮ…»

«እኔ ስለመሃሉ ምን አገባኝ! ይሄው በእጄ ነው!» ካርታውን ለእኔ አሳየኝ፣ ለራጉኤል አሳየ፣ ፏፏቴው ላይ ለተሳለችው ወፍ ሳይቀር አሳየ። ፅጌረዳ በሁለት ጥንድ ክምሩን ወደ ራሷ እየሳበች «ሮበሌ፣ ሕጉ ሲነገር እያኘክ ነበር» አለችው። ሮበሌ ተነስቶ ሄደ። ከደጅ ተመልሶ ሽምብራውን ጠየቀ፤ ተሸንፎ እንደጨረሰ ስንነግረው ደግሞ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከሁላችንም ቀድሞ መጥቶ በሩ ላይ ጠበቀን።

ክረምቱ እየወጣ ሲሄድ ሲና የመጨረሻውን ዓይነት አመጣች። «ሎውቦል ይባላል» አለች። «ሁሉም ነገር ይገለበጣል። አምስት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል፣ አንዴ ትለውጣላችሁ፤ ይሄ እንደ መጀመሪያው ነው። ግን የሚያሸንፈው የመጨረሻው ደካማ ነው። ጥንድ ካለባችሁ ጉዳት ነው። ኪንግ ጉዳት ነው፤ በእጁ ያለው ትልቁ ካርታ ያነሰው ነው የሚበላው። ተከታታይነት አይቆጠርም። ኤስ እንደ አንድ ይቆጠራል። ከሁሉ የተሻለው ኤስ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ነው።»

«ድሃ የሚያሸንፍበት ማለት ነው» አለ ሮበሌ። ራጉኤልም ሕጉን ደግሞ ራሱ ተናገረውና ሲና ልክ ነው አለችው።

ጥቂት ዙር ሄድን። ከዚያ ያ ዙር መጣ። እኔም ሮበሌም ገና ከመጀመሪያው ወጣን፤ ባልና ሚስቱ ቀሩ። ፅጌረዳ አንድ ካርታ ለወጠች። ራጉኤልም አንድ ለወጠ። የመጣለትን ካርታ ከፍ አድርጎ አየ።

እንዲህ ያለ ሐዘን እሱ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ጉንጮቹ ወረዱ። ዓይኖቹ ደበዘዙ። ከደረቱ ረጅም ትንፋሽ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሽምብራ ገለባ በተነው። ሮበሌ ሳያስበው «አይዞህ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ፅጌረዳ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ኪንግ መጥቶበታል ወይም ጥንድ ሠርቷል፤ ሃያ ምናምን ዓመት ያነበበችው ፊት ነው። ክረምቱን ሙሉ የሰበሰበችውን ሽምብራ ከነላስቲኩ አንስታ መሃል ላይ አስቀመጠች።

«ይሄን ሁሉ?» አልኳት።

«ይሄን ሁሉ።»

«ጋሽ ራጉኤል፣ ይወጣሉ?» አለች ሲና።

ራጉኤል በለቅሶ ቤት ድምፅ «እኩል ነኝ» አለ፤ ያለውንም ሁሉ ገፋ።

ፅጌረዳ ካርታዋን ገለጠች፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሰባት። ሲና ሳትቀር ቅንድቧን አነሳች፤ በዚህ ጨዋታ እንዲህ ያለ እጅ ብዙ አይገኝም። ራጉኤልም አንድ በአንድ ገለጠ። ኤስ። ሁለት። ሦስት። አራት። የመጨረሻውን አገላበጠው። ስድስት።

ሮበሌ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ «ስድስት ከሰባት ያንሳል! ራጉኤል በላ!» አለ።

«ፊትህስ?» አለች ፅጌረዳ።

«ፊቴ ምን ሆነ?»

«ለቅሶ ቤት ነበር እኮ የሚመስለው!»

ራጉኤል ግራ ገብቶት ጉንጩን ዳሰሰ። «እኔ ደስ ብሎኛል። ስድስቱ ሲመጣ ውስጤ ዘለለ። ማሸነፌን አውቄያለሁ።»

ያኔ ሲና፣ ያቺ አስፋልት ፊት፣ ፈነዳች። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ጭንቅላታቸው ሕጉን ተምሯል» አለች መናገር ሲቻላት፤ «ፊታቸው ግን ገና ሆልደም ላይ ነው! ጥንድ የሌለው፣ ምንም የሌለው እጅ ሲያይ በልምዱ አዘነ!»

ፅጌረዳ ግን አልሳቀችም። «አውቀህ ነው?» አለችው።

ራጉኤል አሰበ። በሕይወቱ አንዴ እንኳ ፎገረ መባል እንደሚያምረው ሁላችንም አየን። ደረቱን ነፋ። «አዎ፣ አውቄ ነው!» አለ። ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየ መናገር አያስፈልግም፤ አሁን ሚስቱም ከሲና ጋር ሳቀች። ሽምብራውን በላስቲክ ቋጥራ እራሷ አሸከመችው።

ከዚያ እሑድ በኋላ ግን ራጉኤል ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ረቡዕ ይሁን ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ሱቄ ገባ፤ ደንበኛ አቁሜ ፎቶ እያተምኩ ነበር።

«ኢያቄም፣ ፅጌ ትናንት በር ላይ አየችኝና ‹ዛሬ እንዴት ዋልክ?› አለችኝ።»

«እሺ?»

«ጠየቀችኝ እኮ! ፊቴን አይታ አላመነችውም። ‹አሁን ይሄ ደስታ ነው ወይስ ሐዘን?› አለችኝ። ‹ተቀመጪና ልንገርሽ› አልኳት። እራቱ ቀዘቀዘ፤ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። መሃል ላይ ‹ከዚያስ?› ትለኛለች።»

«ምን ነገርካት?»

ለዚህ ጥያቄ ብቻ የመጣ ይመስል ወንበር ሳበ። ትናንት ሱቁ አንድ ሰው መጥቶ የሚያህለው የሌለ የመታጠቢያ ገንዳ ገዛ። ራጉኤል የቤቱን በር ስፋት እንዲለካ ነገረው፤ ሰውየው ሰማሁ ብሎ ሳይለካ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ገንዳውን አራት ሰው ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ሊያወጣው ተነሳ፤ ራጉኤልም አብሮ ተላከ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ገንዳው ደረጃውን ዘጋ። ከላይ የምትወርድ ሴትዮ ነበረች፤ ከታች የጋዝ ሲሊንደር የተሸከመ ሰው ይወጣል፤ የገንዳው ባለቤት ደግሞ መታጠፊያው ላይ ግድግዳና ገንዳ መሃል ተጣብቆ ቀርቷል።

ደንበኛዬ ፎቶውን ተቀብሎ መሄድ ሲገባው ቆሞ ቀረ። «ከዚያስ?» አለ።

ራጉኤል ወደ እሱ ዞረ። «ከዚያማ ሴትዮዋ ‹ገንዳው ውስጥ ገብቼ በዚያ በኩል ልውረድ› አለች» ብሎ ቀጠለ። ፊቱ ላይ ምን እንደነበረ አላየሁም፤ ሁለታችንም እየሰማነው ነበር።